ባለቤቱ በሞተችበት ዕለት የዳነ ስልክ

«እኔ አጠገቡ ከቆምኩ ሬሳ ራሱ ይናዘዛል» አለች መርማሪዋ ከመኪናው እየወረደች። «ምሳችን ሳይቀዘቅዝ እንመለሳለን። ሞተሩን አታጥፋው።»

ሾፌሩ አጠፋው። ከእሷ ጋር ብዙ ዘመን ሠርቷል፤ ስለ ነዳጅ የሚጠየቀው ደግሞ እሱ ነው።

በመሥሪያ ቤቷ «ወንፊት» ይሏታል። እሷ ገለባውን ከፍሬው ስለምለይ ነው ብላ ትኮራበታለች። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ግን ስለ ምክንያቱ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ።

ሬሳው ከሦስት ፎቅ ሕንፃ ጓሮ፣ ሲሚንቶው ላይ ነበር። የሕንፃው ጥበቃ ከማስጫ ገመድ ነጭ መጋረጃ አውርዶ አልብሷታል፤ መንጠቆዎቹ ጫፉ ላይ እንደተደረደሩ ናቸው። ሟቿን ሰፈሩ ሁሉ «ባለመጋረጃዋ» ይላታል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የመጋረጃ ስፌት ቤት ነበራት። ከስፌት ቤቱ በላይ ጠፍጣፋ ጣሪያ አለ። የታጠበ መጋረጃ የሚሰጣው እዚያ ነው፣ የውሃ ታንከሩም እዚያ ነው፣ ዙሪያውን ደግሞ ከጉልበት እምብዛም የማያልፍ ግንብ ከቦታል። ነጠላ ጫማዋ ግንቡ ሥር ለእንግዳ እንደተቀመጠ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ስልኳ ግንቡ ላይ ነበር።

ባልየው ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ የዚያን ዕለት ጠዋት የመጣው የስፌት ቤቱን የእጅ መታጠቢያ ሊጠግን ነበር፣ የቧንቧ መፍቻውም እስካሁን ከእጁ አልወጣም።

«እታች ከመታጠቢያው ሥር ገብቼ ነበር» አለ። «ስልኬ ጮኸ። እጄን እስክጠርግ፣ እስከማነብ... ስወጣ ጥበቃው ሲጮህ ሰማሁ።»

«ምን አለችህ?»

ስልኩን አቀበላት። መርማሪዋ አነበበች፦

«እናቴ "ከእናትነትሽ መጋረጃሽ በለጠ" ያለችኝን መሸከም አቃተኝ። ልቤን ሰብራዋለች። ከእንግዲህ ሰው ፊት መቆም አልችልም። ልጃችንን አደራ። ከእናቴ አርቃት፣ እኔን እንዳደረገችኝ እንዳታደርጋት። ይቅር በለኝ።»

«እናትየው እውነት እንዲህ ብላታለች?»

«ጠዋት እዚሁ መጥተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ልጅቷን ማን ያሳድጋት፣ አንቺ ውለሽ የምታድሪው እዚህ ነው ብለው። ያው ሲጣሉ ነው የሚኖሩት፤ ማታ ደግሞ ይታረቃሉ። ዛሬ ግን ማታ አልደረሰችም።» አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። «ሰሞኑን ሁሉ ነገር ነበር የሚያበሳጫት። ያ ስልኳ እንኳ ሳይቀር። ሲጎተት፣ ሲጎተት ሊወረውራት ደርሳ ነበር።»

«ስልኩ ሊወረውራት?» አለች መርማሪዋ።

«እሷ ልትወረውረው። አፌ አልታዘዝ ብሎኝ ነው።»

ይህቺን የስልኩን መጎተት ነገር ወንፊት አላጠራቻትም። አፍስሳ ሄደች።

እናትየው ሲደርሱ ባልየው ብድግ አለና በሩን በአካሉ ዘጋው። «ልጄን ከእንግዲህ አያዩዋትም» አላቸው። ድምፁን አላነሣም። «እሷው ናት የተናዘዘችው። ቃሏን አላፈርስም።»

አሮጊቷ የሰሙት አይመስሉም። መጋረጃውን፣ ከመጋረጃው ሥር የወጣውን ባዶ እግር አዩ። ከዚያ ወደ መርማሪዋ ዞሩ።

«አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው።

«ይሄን ልጄ አልጻፈችውም» አሉ።

«እማማ...»

«ልጄ አትጽፍም። ትናገራለች እንጂ አትጽፍም።»

«እማማ፣ የሚያናግርዎ ሐዘን ነው» አለች መርማሪዋ፤ ትከሻቸውን እንኳ ያዝ አድርጋለች። «ቃል አንዳንዴ ሰው ይገድላል። እርስዎ ለክፉ ብለው አልተናገሩም ይሆናል። ከራስዎ ጋር ይታረቁ።»

ይህን ስትል ትልቅ ነገር የተናገረች መስሏት ነበር። አሮጊቷ እጇን ከትከሻቸው ላይ እንደ ብናኝ አነሡት።

ምሳው ሲደርሱ ይሞቅ ነበር። ሾፌሩ «እንዳሉት ሆነ» አላት። እሷም «መቼ ሳይሆን ቀርቶ ያውቃል» ብላ ጎረሰች።

ከምሳ በኋላ ሪፖርቱን ለመጻፍ ተቀመጠች። የመልእክቱን ቃል ከሟቿ ስልክ ላይ ለመገልበጥ አወጣችው። የቁልፍ ቁጥር የለውም፤ በጣቷ ነካ አደረገችው። ስልኩ ገና ሳትጨርስ ቦግ አለ። መልእክት ቤቱን ነካች፣ ተከፈተ። ወደ ላይ ገፋችው፣ እንደ ቅቤ ተንሸራተተ።

እጇ ቆመ።

ይህ ነው ሲጎተት ሰው የሚያስለቅሰው ስልክ?

ወደ ላይ ገፋች፣ ገፋች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የላከችው መልእክት ሁሉ ድምፅ ነው። ለባሏ ድምፅ፣ ለደንበኛ ድምፅ፣ ለጨርቅ ነጋዴ ድምፅ። በፊደል የተጻፈው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመጨረሻው። መርማሪዋ ከእሱ በፊት የተላከውን፣ የዚያኑ ዕለት ረፋድ ለአንዲት ደንበኛ የሄደውን ድምፅ ከፈተች። የስፌት መኪና ሲንጫጫ ከኋላው ይሰማል።

«እመቤት፣ የመጋረጃሽን ፎቶ ልላክልሽ ብዬ ከስልኬ ጋር እየተደባደብኩ ነው። ይሄ ስልክ እንደ አማቴ ነው፤ ብድግ በል ስትይው "ቆይ እስቲ" ይልሻል። አንድ ፊደል ነክቼ ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ነው የሚጽፈው። ነገ ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?» ከዚያ ሳቅ።

ይህቺ ሴት ሰው ፊት መቆም ያቃታት አትመስልም። ነገ የሚባል ቀን ያላት ሴት ናት።

ምናልባት ስልኩ ሞልቶ ኖሮ ባዶ አድርጎት የሄደ ሰው አለ ብላ ሜሞሪውን አየች። ከግማሹ በላይ ባዶ ነው። ግን የተሰረዙ ነገሮች የሚቆዩበትን ብትከፍተው በዚያ ቀን የተጣለ ነገር የለም። ባዶነቱ የቆየ ነው። እንግዲያው ቀድሞም ሆዱ ባዶ ነበር፣ ቀድሞም ይጎተት ነበር። ይህን እያሰላሰለች ሳለ ስልኩ ጠፋ። ባትሪው አለቀ።

ቻርጀር ላይ ሰክታው እሷም እንደ ስልኩ ጠፍታ ተቀመጠች። ስልኩ ሲነቃ ሴቲንጉን አንድ በአንድ፣ ድስት እንደሚከድን ሰው እየከፈተችና እየዘጋች ሄደች። ባትሪ ቆጣቢ የሚለው ጋ ስትደርስ ጠፍቶ አገኘችው። አበራችው።

ስልኩ ሸመገለ። መልእክት ቤቱን ነካች፤ አስቦበት ተከፈተ። ለመጻፍ ሞከረች፤ ፊደሏ እንደ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛ አርፍዳ መጣች። አጠፋችው፤ ወዲያው ጎረመሰ። አበራችው፤ ሸመገለ።

የጀመረችውን ሪፖርት ወደ ጎን ገፋ አደረገች።

«መኪናውን አስነሣ» አለችው ሾፌሩን።

«ጉዳዩ አልተዘጋም እንዴ?»

«ዝም ብለህ አስነሣ።»

ሾፌሩ ዝም ብሎ አስነሣ፤ ፊቱ ግን ዝም አላለም።

መጀመሪያ የወጣችው ጣሪያው ላይ ነው። ጠዋት ያየችውን ቦታ አሁን እንደ አዲስ አየችው፤ አጥፊው እሷ ራሷ እንደሆነች ሁሉ እየተጠራጠረች። ከታንከሩ ጀርባ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ነበር። ጠዋት የሲጋራ አጫሾች ነው ብላ አልፋዋለች። ውስጡ የተቃጠለ ጨርቅ ነበር፤ ጠቁሮ፣ ቀልጦ፣ እንደ ሙጫ የጠጠረ። አጠገቡ ያልተቃጠለ ቁራጭ ወድቋል፤ ሰማያዊ ሆኖ ትንንሽ ጀልባዎች ያሉበት። ክብሪትም አለ። ቁራጩን በስልኳ ፎቶ አነሣችው። ከዚያ የራሷን ስልክ፣ ድሮም የማይሮጠውን፣ ባትሪ ቆጣቢውን አበራችለት።

ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰፊዋ ብቻዋን ነበረች። ሃያ ዓመት ያልሞላት ቀጭን ልጅ ናት፤ አፏ ውስጥ መርፌ ይዛ ማውራት ትችላለች።

«ስልኳ ይጎተት ነበር አሉ» አለች መርማሪዋ።

«ውይ እሱ። ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ አጥፍቼ የማበራላት። የተከፈተውን አፕ ሁሉ እየጠረግኩ እዘጋለሁ። ትንሽ ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ነው። የቁልፉን ቁጥር እንኳ ያነሣችው እስኪከፈት ስለሚያናድዳት ነው።»

«ዛሬ ጠዋትም ይጎተት ነበር?»

«ዛሬ ብሶበት ነበር እንጂ። ደንበኛዋን በድምፅ ስታወራት ሰምቻለሁ፣ አብረን ነው የሳቅነው።» መርፌውን ከአፏ አወጣች። «ከዚያ ወደ ጣሪያ ወጣች። እኔ መኪናው ላይ ነበርኩ፤ እሱ ሲሠራ ሰማይ ቢወድቅም አይሰማኝ።»

«ባትሪውስ?»

«ባትሪው ነው ደጉ። ሁለት ቀን ይቆያል። እዚህ ቤት ሶኬት ማግኘት እኮ መከራ ነው። አንዱ የእኔ መኪና ነው፣ አንዱ የሷ፣ አንዱ የጋሼ ካውያ። ድሮ እሷ የጋሼን ካውያ ነቅላ ስልኳን ትሰካለች፣ እሱ ስልኳን ነቅሎ ካውያውን ይሰካል። በሰላሙ ቀን እንኳ ውጊያ ነበር። በኋላ እሱ ስልኳን ወስዶ ነካክቶ "በይ፣ ከእንግዲህ ሁለት ቀን ይቆይልሻል፣ ሶኬቴን ልቀቂ" አላት። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሆነ።»

«ጋሼ ማን ነው?»

«ሸሪኳ ነዋ። ቆራጩ።»

መርማሪዋ ፊቷን እንደ ግድግዳ አደረገችው። «መጎተት የጀመረው መቼ ነው?»

ሰፊዋ አሰበች። «እንጃ። ያን ሰሞን መሰለኝ። ግን እሱስ ስለሞላ ነው፤ ባሏ ሁሌ ሞልቶ ነው ይላታል።»

«እስቲ ይሄን ጨርቅ እይልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠቻት። ልጅቷ ስትጠብቅ ቆየች፣ «የርስዎም እንደሷ ነው» አለች፣ የተከፈቱትን አፖች እየጠረገች ዘጋች፣ እንደገና ጠበቀች። «እህ። ለአንድ ሕፃናት መዋያ የሰፋነው መጋረጃ ነው። እሳት የማይዘው ነው የሚባለው። ዋጋው እሳት ነው እንጂ ራሱ አይቃጠልም ብሎ ጋሼ ይቀልድ ነበር። እሱ ነው ገዝቶ ያመጣው።»

ባልየውን እቤቱ አገኘችው። ትንሿ ልጁ ጎረቤት ተኝታለች። የመርማሪዋን ስልክ ሲቀበል አንዴ ጠብቆ ትዕግሥቱ አለቀ።

«ይሄ ሞልቶ ነው። ፎቶዎችዎን ይሰርዙ። የሚስቴን እኔ ነበርኩ የምሰርዝላት።»

«ስትሰርዝ ይፈጥን ነበር?»

«አይፈጥንም» አለ እያፈረ። «ግን ሌላ ምን አደርጋለሁ? ስንት ጊዜ ሰረዝኩላት፤ አንድ ቀን የሠራቻቸውን የመጋረጃ ናሙናዎች በሙሉ አጥፍቼባት ለሳምንት አላናገረችኝም። ግማሹን ባዶ አደረግኩት። ባዶውን ተሸክሞም ይጎተታል።»

«እናትየው ልጅቷን ለማየት መጥተው ነበር?»

«በር ላይ ቆመው ነበር። አልከፈትኩም።» ወደ መሬት አየ። «ቃሏ ነው። የሟች ቃል ይፈርሳል እንዴ?»

መርማሪዋ ስልኳን ተቀብላ ወጣች። ያ ቃል እውነት ነው ብላ ማኅተም የመታችበት እሷ ናት።

ቆራጩን መቁረጫ ክፍሉ ውስጥ አገኘችው። ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ሜትር አንገቱ ላይ፣ ጠመኔ ጆሮው ላይ ያደረገ ሰው ነው። መቀሱ ጨርቁ ላይ ሲሄድ አንድም ጊዜ አያመነታም።

«የእህቴን ያህል ነበረች» አለ ሳይጠየቅ። «እናት እንዲህ ብላ ትናገራለች? እኔ ካውያ ላይ ሆኜ ሰምቼ ደነገጥኩ።»

«ስልኳን ለማስተካከል ሞክረው ያውቃሉ?»

«እኔ?» ሳቀ። «እኔ የማውቀው መቀስ ነው። ስልክ ከመደወል በቀር አልነካም። የራሴን እንኳ የምታስተካክልልኝ ልጄ ናት።»

«ልክ እንደኔ ነዎት። እስቲ ይሄን ፎቶ ይዩልኝ፤ የምን ጨርቅ ነው? ትንሽ ይጎተታል፣ ይታገሡት።»

ቆራጩ ስልኩን ያዘ። መስኮቱ ነጭ ሆኖ ቆመ። ሰውየው ምላሱን «ጽ» አደረገ፤ አውራ ጣቱ ከስልኩ አናት ወደ ታች ሳብ አለ፣ አንድ ቦታ ነካ፣ ወደ ላይ መለሰ። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነው ያደረገው፤ ዓይኑ እንኳ አልተከተለውም። ፎቶው ቦግ አለ።

«ይሄማ እሳት የማይዘው ነው» አለ መልሶ እያቀበላት። «ለሕፃናት መዋያ የሠራነው። አንደኛ ጨርቅ ነው።»

መርማሪዋ ስልኳን አየች። ባትሪ ቆጣቢው ጠፍቷል።

«አመሰግናለሁ» አለች። «ነገ ጠዋት እዚሁ እንሰብሰብ። የሚፈረም ነገር አለ።»

በማግስቱ አራቱም የስፌት ቤቱ ትልቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ባልየው አንድ ጥግ፣ እናትየው ሌላ ጥግ፤ በመካከላቸው ሰፊዋና ቆራጩ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል፤ አንደኛው በመጋረጃ ናሙና እየተደነቀ ነበር። መርማሪዋ የሟቿን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ትናንት ያጠፋችውን ክብር ልትመልስ ስለመጣች ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ብሏል።

«ይህ ስልክ በሽተኛ ነበር» ብላ ጀመረች። «ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ትናንት ረፋድ ላይ ለደንበኛዋ ፎቶ መላክ አቅቶት ነበር፤ ድምፅዋ አለ፣ ሰፊዋም ሰምታለች። ትናንት ከሰዓት በእኔ እጅ ሲገባ ግን ጤነኛ ነው። እንደ ጥይት ይሮጣል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል አንድ ሰው ፈውሶታል ማለት ነው።»

«ራሷ ብትሆንስ?» አለ ቆራጩ።

«ራሷ ብታውቅበት ኖሮ ዓመት ሙሉ ፊደል ነክታ ውሃ ስትጠጣ ትኖር ነበር? አታውቅም ነበር። አሁን በመካከሉ የሆነውን እንይ። በመካከሉ አንድ ነገር ተጽፏል። ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ያልጻፈች ሴት ስንት ዓረፍተ ነገር ጻፈች። በዚያ ስልክ ያን ያህል መጻፍ እስኪመሽ ይፈጃል። ስለዚህ የጻፈው ሰው መጀመሪያ ስልኩን ማፍጠን ነበረበት። ድምፅ መላክማ አይችልም፤ ድምፁ የእሱ ነዋ። የፈወሰውና የጻፈው አንድ ሰው ነው።»

ባልየው አንገቱን ቀና አደረገ። እናትየው አልተንቀሳቀሱም።

«እንግዲያው መድኃኒቱን የሚያውቀው ማን ነው? ሁላችሁም ሐኪም ነበራችሁ። አንተ» አለች ወደ ባልየው ዞራ፣ «ሞልቶ ነው ብለህ ፎቶ ስትሰርዝ ኖርክ። ግማሹ ባዶ ሆኖ እንኳ መሰረዝህን አልተውክም። መድኃኒቱን ብታውቅ የሚስትህን ሥራ አጥፍተህ ሳምንት በኩርፊያ አትቀጣም ነበር። አንቺ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አጥፍተሽ ታበሪያለሽ፤ ብታውቂ ከዚህ ሥራ በተገላገልሽ። መድኃኒቱን እያወቀ ዝም ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በሽታውን የሰጣት። ባትሪ እንዲቆጥብ አድርጎ የሰጣት፣ ስልኩም ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ጉልበቱን የቀነሰው። ለሶኬት ሲባል። ካውያው እንዳይነቀል።»

ሰፊዋ ቀስ ብላ ወደ ቆራጩ ዞረች። «ጋሼ?»

«እኔ ስልክ አላውቅም ብያለሁ» አለ ቆራጩ።

«ብለዋል። ትናንት እንደዚያ ብለውኝ ወዲያው ባትሪ ቆጣቢ ያበራሁበትን ስልኬን ሰጠሁዎ። ከእነሱ አንዷ አፕ ዘጋችልኝ፣ አንዱ ፎቶ ሰርዢ አለኝ። እርስዎ ሳያዩት አዳኑት። ጣትዎ ከርስዎ ይልቅ እውነተኛ ነው።»

«ይሄ ማስረጃ ነው?» ቆራጩ ወደ ፖሊሶቹ ዞሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጣቴ ነካ ብሎ ቢሆንስ? ምን አድርጋኝ ነው የምገድላት?»

መርማሪዋ የቀለሙን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጀልባ ያለበትን ሰማያዊ ቁራጭ በመቆንጠጫ ያዘችው። «ይህ እሳት የማይዘው ነው ብለውኛል። አንደኛ ጨርቅ።» ክብሪት ጫረች። ጨርቁ እንደ ወረቀት ተያዘ፣ እየቀለጠ፣ እየተንጠባጠበ ቆርቆሮው ውስጥ ወደቀ። የፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው። «ይህ ሕፃናት የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል። ትናንት እሷም እንደኔ ጫረችበት፣ ጣሪያው ላይ። ከዚያ ጠራችዎ። ምን አለችዎ?»

 መልሱን የሰጠው ቆራጩ ነው፤ መመለሱን ግን ያወቀ አይመስልም።

«መጋረጃ እኮ ነው» አለ። «እዚያ ምድጃ የለ፣ ምን የለ። ማን እሳት ይለኩሳል? አስቀይረዋለሁ አልኳት፣ ቀስ ብዬ። ቀስ ብዬ የሚባል ነገር አታውቅም። አሁኑኑ ሄጄ አስወርደዋለሁ፣ የገዛው እሱ ነው እላቸዋለሁ አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የቆየ ስሜን።» ጠመኔውን ከጆሮው አወረደ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ክንዷን ነው የያዝኩት። ተይኝ ብላ ገፋችኝ፣ እኔም ገፋኋት። ግንቡ አጭር ነው።»

«ከዚያ ስልኳን አነሡ» አለች መርማሪዋ።

«ከዚያ ስልኳን አነሣሁ።»

«ጫማዋንም ደረደሩ።»

ቆራጩ ጠመኔውን በጣቱ አንከባለለው።

«እናቷን ለምን አስገባህ?» አለ ባልየው። ድምፁ ተሰንጥቋል። «ልጄን ከአያቷ አርቃት ያልከኝ አንተ ነህ?»

«ጠዋት የሰማሁት እሱን ነበር» አለ ቆራጩ። «ሌላ የሚያስለቅስ ነገር ቶሎ አልመጣልኝም።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። የመጋረጃ አድናቂው ፖሊስ በሩ ላይ ዞር ብሎ ናሙናውን እንዳያይ ራሱን ሲያስገድድ ታየ። ሰፊዋ ደረጃ ደረጃውን ወርዳ ወደ ሕፃናት መዋያው ሮጠች፤ መጋረጃውን ዛሬውኑ በእጄ አወርደዋለሁ አለች፣ ማንም ሳይልካት።

ባልየው ከወንበሩ ተነሥቶ እናትየው ፊት ሄደ። እግራቸው ሥር ተንበረከከ። 

«ልጅቷ በላች?» አሉት አሮጊቷ።

«ትናንት እምቢ አለች።»

«አምጣት። እኔ አበላታለሁ። አንተም ፊትህን ታጠብ።»

እየተደናበረ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ መርማሪዋና አሮጊቷ ብቻ ቀሩ። መርማሪዋ ስልኩን በፕላስቲክ ከረጢት ከተተች፣ ጃኬቷን አስተካከለች። የተናገረችው ነገር ሁሉ በየቦታው ገጥሞ ስላለቀላት ልቧ ሞቅ ብሏል። እንዲህ ዓይነት ነገር ሰው ሳያመሰግናት ማለቅ የለበትም።

«እንግዲህ እማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንቅልፍ ይተኛሉ» አለች። «የልጅዎ ልጅም ተመለሰችልዎ። ይሄ ጉዳይ ከሌላ መርማሪ እጅ ቢገባ ኖሮ ተዘግቶ ይቀር ነበር። ከአንዲት ትንሽ ስልክ ይሄን ሁሉ ማውጣት ለማንም የሚሆን አይደለም።»

አሮጊቷ የልጃቸውን መጎናጸፊያ ከወንበሩ ላይ አንሥተው እያጠፉ ነበር። አጥፈው ጨረሱ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ ቀና ብለው አዩዋት።

«አትጽፍም ብዬሽ ነበር እኮ። ስልክ ስላልሆንኩ ነው ያልሰማሽኝ» አሏት። «በይ ስትወጪ በሩን ሳብ አድርጊው።»